አሥራ ሁለት ቃል

የጀሊላ ሙሀመድአወል መስኮት ወደ መንገድ ይከፈታል። ባሕር ዳር ያለው የሬዲዮ ጣቢያዋ ከሐይቁ ዳር ቢርቅ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ባለጉዳይ ከጀልባ እንደ ወረደ፣ ዘበኛ ሳያስቆመው፣ መታወቂያ ሳይጠየቅ፣ ቀጥ ብሎ መጥቶ መስኮቱን ያንኳኳል። ጀሊላ ትከፍታለች። የያዘውን ወረቀት ትቀበላለች፤ ወረቀት ካልያዘም እሱ እየነገራት ራሷ ትጽፋለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መልሳ ታነብለታለች። ስትጨርስም ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው።

«የቀረ ሰው አለ?»

ይህን ጥያቄ ሃያ አራት ዓመት ጠይቃለች። ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። በጣና ዙሪያ መርዶ በሬዲዮ ሲነገር መጀመሪያ የሚጠራው ቋሚው፣ በሕይወት ያለው ዘመድ ነው። የእገሌ ወንድም፣ የእገሊት አባት፣ የእነ እገሌ አጎት እየተባለ በታላቅነት ተራ ይወርድና ሟቹ ከሁሉም በኋላ ይመጣል። አንድ የእህት ልጅ ተዘሎ የቀረ እንደሆነ ያ ቤት ለሁለት ይከፈላል፤ ሬሳ ሳይወጣ ሰው ይቀያየማል። ስለዚህ ጀሊላ ስም አትዘልም። አንዴ አንብባ ስትጨርስ «ደግሜ አነባለሁ» ትልና ከመጀመሪያው ስም እንደገና ትነሣለች። ይህም ለነገር ማሳመሪያ አይደለም። ሐይቅ ላይ ያለ ጀልበኛ በመጀመሪያው ንባብ ድምፅዋን ሲሰማ ሞተሩን ያጠፋል፤ ማን እንደ ሞተ የሚሰማው በሁለተኛው ነው።

ሴትዮዋ የአዲስ ነገር ጠላት አልነበረችም። ስትቀጠር የቴፕ ክር በምላጭ ተቆርጦ በፕላስተር ይቀጠል ነበር፤ ቀጥላለች። ካሴት መጣ፣ ተማረች። ኮምፒውተር መጣ፣ መነጽር ገዝታ ተማረች። ጣቢያው ቴሌቪዥን ሲጨምር፣ ሳህኑ ጣሪያ ላይ የወጣ ቀን ለሠራተኛው ሁሉ ለስላሳ የጋበዘች እሷ ነች። የሚመጣው ሁሉ ይምጣ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን መርዶው ይነበባል፤ ለእሷ ነገሩ ይኸው ነበር። ወረታ ላይ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩት አባቷ ያረፉ ዕለትም መርዶውን ያነበበችው ራሷ ናት። ድምፅዋ ሳይሰበር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ቁንዝላ የነበረው አጎቷ ጀልባ ላይ ሆኖ ሰምቶ ለጀናዛው ሶላት ደረሰ። ጀሊላ ያን ቀን ያለቀሰችው ማይኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ቃለ ሕይወት ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይህን መናገር ተገቢ ነው። ሲያልፍ ሰላምታ አያጓድልም፣ የጽዳት ሠራተኞቹን ደሞዝ ያስጨመረም እሱ ነው። ችግሩ ሁሉን ነገር በቁጥር ማየቱ ነው። ስንት ሰው አየው፣ ስንት ሰው ወደደው፣ ስንት ሰው ለሌላ አጋራው። የሬዲዮው ስቱዲዮ ውስጥ ሦስት ካሜራ ተከለ፤ ግድግዳውን ብርቱካንማ ቀለም አስቀባ። የጠዋቱ ሁለት ሰዓት «ደማቅ ማለዳ» ለተባለ የቴሌቪዥን ጨዋታ ተሰጠ፤ ሬዲዮውም ከእንግዲህ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ብቻ ሆነ። ጀሊላን ጠርቶ አስቀመጣትና መርዶው በስክሪኑ ግርጌ በሚሮጠው ጽሑፍ እንደሚተላለፍ ነገራት።

«በአሥራ ሁለት ቃል» አለ። «ከዚያ ከበለጠ ሰው አያነበውም።»

«አሥራ ሁለት ቃል የልጆቹን ስም እንኳ አይጨርስም።»

«ወይዘሮ ጀሊላ፣ በዚህ ዘመን ሬዲዮ የሚሰማ ማን አለ?»

«ጀልበኛው ይሰማል። ዓሣ አጥማጁ ይሰማል። ፊደል ያልቆጠረው ይሰማል፣ ዓይኑ የጠፋውም ይሰማል። እርስዎ የሚሮጥ ጽሑፍ ቢያሳዩዋቸው ምን ያደርጉበታል?»

«ስልክ እኮ አላቸው።»

«ስልኩ ሐይቁ መሐል ሲደርስ ባዶ ቆርቆሮ ነው» አለችው።

ቃለ ሕይወት ፈገግ አለ። ፈገግታው ነው የከነከናት፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። የመስኮቱን ቁልፍ ተቀበላት። ለእሷ የተረፈላት ሥራ ማስታወቂያ መቅዳትና ሁለት ሰዓት ሲሞላ ግማሽ ደቂቃ ገብታ የጣቢያውን ስም በቀጥታ መናገር ብቻ ሆነ፤ እሱንም ቢሆን «ሰው ድምፅዎን ለምዶታል» ብሎ ነው የተወላት። ጥለሽው ውጪ ያሏት ብዙ ናቸው። ጀሊላ ግን ወይ ፍንክች። በየቀኑ ጠዋት በሰዓቷ እየመጣች በተዘጋው መስኮት ሥር ተቀመጠች።

ነገሩ የፈነዳው ሰኞ ዕለት ነው።

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ዓለሙ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ አረፉ። እኒህ ሰው አርባ ዓመት በሐይቁ ዳር ዜማ ያስተማሩ ናቸው። ተማሪዎቻቸው ዛሬ ራሳቸው መምህር ሆነው ከቁንዝላ እስከ ጎርጎራ በየደብሩ ተበትነዋል፤ የሁሉንም ስልክ የያዘ ሰው በምድር ላይ የለም። ልጃቸው ማኅሌት በጠዋት ወረቀቷን ይዛ መስኮቱን አንኳኳች። ጀሊላ ከውስጥ በመስታወቱ እያየቻት መክፈት አልቻለችም። በእጇ ምልክት ሰጥታ በዋናው በር ላከቻት። ማኅሌትም ወረቀቱን ለእንግዳ ተቀባይዋ ሰጠች፤ ከእንግዳ ተቀባይዋ ወደ ቃለ ሕይወት ጠረጴዛ ሄደ። የሚሮጠው ጽሑፍ የመጀመሪያ ሳምንቱ ስለነበር የሚያሳጥረው እሱ ራሱ ነበር። በወረቀቱ ላይ ሠላሳ አንድ ስም አለ። ሰውዬው የመጀመሪያውን ስምና የመጨረሻውን ነገር ወሰደ፤ መሐሉን ቆረጠው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ይህ ነው።

«የቁንዝላው አቶ ገብረ መስቀል ዓለሙ የቀብር ሥነ ሥርዓት ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ይፈጸማል።»

አሥራ ሁለት ቃል። አንድም አልበለጠ።

አቶ ገብረ መስቀል የሟቹ ታናሽ ወንድም ናቸው። በሕይወት ካሉት ታላቅ እሳቸው ስለሆኑ በወግ በማዕረጉ መጀመሪያ ተጠሩ። የጣናን ወግ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የተጠራው ቋሚ መሆኑን ያውቅ ነበር። ቃለ ሕይወት አላወቀም፤ ልጠይቅም አላለም። ቁንዝላ ላይ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰው ጽሑፉን አነበበና ጮኸ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሞቱ የተባሉት ሰው ራሳቸው ጣቢያው ድረስ መጡ። ረጅም፣ ፀሐይና ውሃ ያጠቆራቸው፣ ጎምላላ ሽማግሌ ናቸው። ማኅሌት ጥቁር ለብሳ ከኋላቸው ቆማለች። ቃለ ሕይወት ከቢሮው ወጣ፤ ጀሊላና ቴክኒሻኑ ሙአዊያ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ።

«ገብረ መስቀል ዓለሙ እባላለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ትናንት በዘጠኝ ሰዓት የተቀበርሁት።»

ቃለ ሕይወት ወንበር ሳበላቸው፤ እሳቸው ግን ቆመው ቀጠሉ።

«ዓሣየን ይዤ ወደ ዳር ስጠጋ ሚስቴ መሬት ላይ ተደፍታ አየኋት። ማን ሞተብን ብየ ዘለልሁ፤ ሰው እኔን እያየ ሸሸ። በኋላ ነገሩ ሲገባኝ ሳቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲያው ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። ማታ ይህች ልጅ ደውላ አባየ አረፈ ስትለኝ ሳቁ እዚህ ጋ ቆመ።» ጉሮሯቸውን ነኩ። «ወንድሜ ሲቀበር እኔ የራሴን ለቅሶ ስበትን ነበር።»

«ስንት ሰው ቀበራቸው?» ጀሊላ ማኅሌትን ጠየቀቻት።

«አሥራ አንድ ነን፣ እትዬ። ካህናቱን ሳይጨምር።» ማኅሌት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «አባቴ ያስተማሩት ዜማ በራሳቸው ቀብር ላይ በቅጡ አልተዜመም። አንድም ተማሪ አልደረሰም። አልሰሙማ።»

ጀሊላን ከሐዘኑ ይልቅ ቁጣው በለጣት። ቃለ ሕይወት ፊቱ ቀልቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከልቡም ይመስላል። ማስተካከያ አሁኑኑ በቀጥታ ይነበባል አለና ቢሮው ገብቶ ጻፈ። ወጥቶም ወረቀቱን ለጀሊላ ሰጣት። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ይቀር ነበር።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤ «ትናንት ከቤተሰብ በደረሰን የተሳሳተ ጽሑፍ ምክንያት ለተፈጠረው ስሕተት ጣቢያችን የተሰማውን ቅሬታ ይገልጻል።»

ጀሊላ በጣቷ ቆጠረችው። ይህም አሥራ ሁለት ቃል ነው።

«የሟቹ ስም የታለ?»

«ነገሩን ማስፋት አያስፈልግም።»

«የቤተሰቡ ጽሑፍ አልተሳሳተም። የቆረጡት እርስዎ ነዎት።»

«ወይዘሮ ጀሊላ፣ ጣቢያው በአደባባይ ተሳሳትኩ ካለ ስሙ ይጠፋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሰው የሚያምነው ደግሞ የእርስዎን ድምፅ ነው።»

«የማላነበውም ለዚህ ነው» አለችና ወረቀቱን መለሰችለት። «ያባቷን መቃብር ባዶ አደረጋችሁባት፤ አሁን ደግሞ ጥፋቱን በእሷ ላይ ልትጭኑ። እኔ አፌን ለዚህ አላውስም።»

«ይተዉት፣ ሌላ ሰው ከዜና በኋላ ያነበዋል» አለ ቃለ ሕይወት ድምፁ ጠንክሮ። «እርስዎ የጣቢያውን ስም ብቻ ይናገሩ።»

ጀሊላ ዞራ ሄደች። የማኅሌትን ዋናውን ወረቀት ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ተመልሶ ከተቀመጠበት አነሣችና ልጅቱን በክንዷ ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። ዞረው በተዘጋው መስኮት ሥር፣ መንገዱ ላይ ቆሙ። አቶ ገብረ መስቀልም ተከተሏቸው። ባጃጅ በአጠገባቸው ያልፋል፣ ዓሣ የጫነ ጋሪ ያልፋል። ጀሊላ መነጽሯን አድርጋ፣ ሃያ አራት ዓመት እንዳደረገችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሠላሳ አንዱንም ስም አነበበችላቸው። ቀብሩ አልፏልና በቀብሩ ምትክ የነገውን ሰልስት ሰዓትና ቦታ በእስክሪብቶ ጻፈችበት።

«የቀረ ሰው አለ?»

ማኅሌት ወረቀቱን አየት አደረገች። ቀጥላም «ተማሪዎቻቸው» አለች። «ግን ስማቸውን ሁሉ አላውቀውም።»

«ስማቸውን እነሱ ያውቁታል» አለችና ጀሊላ ከሟቹ ስም በላይ አንድ መስመር ጨመረች።

ስቱዲዮ ስትገባ የ«ደማቅ ማለዳ» ልጆች ለካሜራው ፀጉራቸውን እያስተካከሉ ነበር። ሙአዊያ ከመስታወቱ ወዲያ ሚክሰሩ ፊት ተቀምጧል፤ ከእሷ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቷል። በእጇ የያዘችውን ወረቀት አየ። ረጅም ወረቀት ነው፤ የጣቢያ ስም እንደማይሆን ገብቶታል። ማይኩን ከፈተና ሁለት እጁን አንሥቶ ጭኑ ላይ አሳረፈ።

«ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ነው» አለች ጀሊላ። «ትናንት ይህ ጣቢያ በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ብሏል፤ የሞቱትን ሰው ደግሞ ስማቸውን ሳይጠራ ቀርቷል። ስሕተቱ የጣቢያው ነው፤ ቤተሰቡ ያመጣው ጽሑፍ ትክክል ነበር። እነሆ ሙሉውን አነባለሁ። የአቶ ገብረ መስቀል ዓለሙ፣ የወይዘሮ እናትዓለም ዓለሙ ታላቅ ወንድም፣ የወይዘሮ ማኅሌት ጥዑመ ልሳን አባት…»

አልቸኮለችም። ለእያንዳንዱ ስም ትንፋሽ ሰጠች። አሥረኛው ስም ላይ ቃለ ሕይወት ከመስታወቱ ወዲያ ብቅ አለ። እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ ቁረጪ የሚል ምልክት አሳያት። ዓይን ዓይኑን እያየች አሥራ አንደኛውን ጠራች። ቃለ ሕይወት ወደ ሙአዊያ ዞሮ ጮኸ፤ ድምፁ በመስታወቱ አይሰማም፣ ሙአዊያ ግን እጁ ጭኑ ላይ እንዳለ ጣሪያውን ያያል። ሥራዋ እንዳበቃለት ታውቃለች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሌላ ሙያ የላትም፤ ይህ ሁሉ በልቧ አለ። ድምፅዋ ውስጥ ግን አንዱም አልነበረም።

«…በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ተማሪዎቻቸው ሁሉ መምህር የሆኑት መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ዓለሙ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ቀብራቸው ትናንት ተፈጽሟል። ሰልስታቸው ነገ ረቡዕ ጠዋት ባሕር ዳር በሐይቁ ዳር ባለው ቤታቸው ነው።» ወረቀቱን ወደ መጀመሪያው መለሰች። «ደግሜ አነባለሁ። የአቶ ገብረ መስቀል…»

ማይኩ ጠፋ። ቃለ ሕይወት ራሱ ሙአዊያን ገፍቶ ሚክሰሩን አውርዶታል።

የእገዳው ደብዳቤ ለመጻፍ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ጀሊላ ፈርማ ተቀበለች፣ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችውና ወጣች። አንድ ነገር ብቻ ሆዷን በላው፤ መርዶ አንዴ ብቻ አንብባ ስታበቃ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር።

ቃለ ሕይወት ያላወቀውን ነገር ሐይቁ ላይ ያሉት ያውቁታል። ከቀናት በኋላ መርዶዋን እንደገና የሰሙት ጀልበኞች እንደ ልማዳቸው ሞተራቸውን አጥፍተው ሁለተኛውን ንባብ ይጠብቁ ነበር። ሁለተኛው ንባብ ግን አልመጣም። በእሱ ፋንታ የ«ደማቅ ማለዳ» ሙዚቃ መጣ። ጀሊላ ደግማ ሳታነብ የቀረችበት ቀን የለምና ሰው ደነገጠ። ጀልባ ወደ ጀልባ ተጠጋ። ማን ነው የሞተው፣ አንተ ምን ሰማህ፣ ስንተኛው ስም ላይ ሞተርህን አጠፋህ ተባባሉ። አንዱ የሰማውን አንዱ ሞላው። ድምፅዋ ባይቆረጥ ኖሮ ያን ያህል ሰው ባልጠየቀ ነበር። ወሬው ከሰዓት በፊት ደቅ ደሴት ደረሰ፣ ማታውን ጎርጎራ ገባ።

ረቡዕ ጠዋት ጀሊላ ነጠላዋን ከሻሿ ላይ ደርባ ወደ ሰልስቱ ሄደች። የሐይቁ ዳር በጀልባ ተሞልቷል። አሁንም እየመጡ ነው። ካህናት፣ ደብተራዎች፣ መሪጌታዎች መቋሚያቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ ከጎርጎራ የመጡት ደቅ ላይ አድረው ነው። አንድ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር በሁለት ሰው ተደግፈው ወረዱና «የት ነው መምህሬ ያረፉት» ብለው ጠየቁ። አቶ ገብረ መስቀል ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ሰው ይቀበላሉ። ያቀፋቸው ሁሉ ትንሽ ጨበጥ ጨበጥ ያደርጋቸዋል፤ በእርግጥ መኖራቸውን ለማረጋገጥ ይመስላል።

የጣቢያው ካሜራም መጥቷል። ያን ያህል ጀልባ ባንድ ጊዜ ሲመጣ ቴሌቪዥን እንዴት ይቀራል። ቃለ ሕይወት ከካሜራ ባለሙያው አጠገብ ቆሞ ጀልባዎቹን እንዲቀርጽ ያሳየዋል፤ ጀሊላን ሲያያት ዓይኑን ሰበረ።

ጀሊላ ድንኳኑ መሐል ቆመች። ከሻንጣዋ ወረቀቱን አወጣች፤ ከእገዳው ደብዳቤ ጋር ተጣብቆ ነበር፣ ለየችው።

«ትናንት አንዴ ብቻ ነው ያነበብሁላችሁ» አለች። «ይህ የኔ ልማድ አይደለም፤ የናንተም አይደለም። ደግሜ አነባለሁ። የአቶ ገብረ መስቀል ዓለሙ…»

«አለሁ» አሉ ሽማግሌው ከበሩ።

እንዲያ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጀሊላ ለአፍታ ቆመች። ከዚያ ቀጠለች።

«የወይዘሮ እናትዓለም ዓለሙ…»

«አለሁ።»

«የወይዘሮ ማኅሌት ጥዑመ ልሳን…»

«አለሁ።»

ሠላሳ አንዱንም ጠራች። ከሴቶቹ በኩል፣ ከውጭ ከጀልባዎቹ በኩል፣ ከሕፃን አፍ ሳይቀር መልሱ መጣ። «በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ተማሪዎቻቸው ሁሉ» ስትል ድንኳኑ ባንድ አፍ «አለን» አለ። የካሜራ ባለሙያው ወደ ቃለ ሕይወት ጎንበስ ብሎ «ልቁረጠው?» ሲል ተሰማ። ቃለ ሕይወት ቀና ብሎ ሰዉን አየ፤ ሰዉም እሱን ያየው ነበር። ራሱን ነቀነቀ፤ አትቁረጥ።

«መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ዓለሙ» አለች ጀሊላ።

ማንም አልመለሰም። ወረቀቱን አጥፋ ለማኅሌት ሰጠቻትና ወደ ሰዉ ዞረች።

«የቀረ ሰው አለ?»

አቶ ገብረ መስቀል ወደ ሐይቁ ዞረው የመጣውን ጀልባ ሁሉ በዓይናቸው ዳሰሱ። «የቀረ የለም፣ ልጄ» አሏት።

በዚህን ጊዜ ነው ጀሊላ ካሜራውን ቀጥ ብላ ያየችው። ሃያ አራት ዓመት በድምፅ ብቻ የሚያውቋት ሰዎች ፊቷን የዚያን ዕለት አዩት።

«መርዶ ያለበት ሰው ነገ አንድ ሰዓት ላይ መስኮቱ ሥር ያገኘኛል» አለች። «ከውጭ በኩል።»